ስምንት ዓመት የሞላው ወይን

ማሬሻሎ ብሩኔቲ ከአለቃው ከካፒታን ሩጆሊ ምድር ቤት፣ የድንች ክምር ላይ በደረቱ ተደፍቶ የተገኘው ዓርብ ታኅሣሥ 15 ቀን ነው፤ የጣሊያኖቹ ገና፣ ናታሌ፣ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው። ከንፈሩ ዳር አረፋ ደርቆበታል። በቀኝ እጁ የወይን ጠርሙስ አንገት አንቆ ይዟል፤ ነፍሱ ስትወጣ እንኳ አልለቀቀውም።

«ሌባ!» አለ ካፒታን ሩጆሊ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከደረጃው ላይ ቁልቁል እያየ። «ሞቶም አይለቅም። አንተ፣ ውረድ!»

«አንተ» የተባለው ወልደ አማኑኤል ነው። ከጦርነቱ በፊት የአራዳ ዘበኞች መርማሪ ነበር። ጣልያንኛ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተማረ፣ ጣሊያን ሲገባ ከእስር ቤት ጎትተው አውጥተው በኮልፌው የጣሊያን ፖሊስ፣ የካራቢኜሪ፣ ጣቢያ አስተርጓሚም መርማሪም አደረጉት። እነሱ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ስም አውጥቶለታል፤ ባንዳ።

ቤቱ የአንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። ፈረንሳዊው ሲባረር ካፒታኑ ቤቱን ወረሰ፣ ምድር ቤት የተደረደረውን ቀይ ወይን ወረሰ፣ ወይኑን ሲጠብቁ ያረጁትን አሽከሩን ገሜዳንም አብሮ ወረሰ።

«ነገ ኮሎኔሉ ለምሳ ይመጣል» አለ ካፒታኑ። «ለበጉ ጥብስ የሚሆነውን ረቡዕ ዕለት ከሽማግሌው ጋር ወርጄ እኔው ራሴ መርጫለሁ። ያኛው መደርደሪያ፣ ያ ደርዘን፣ 1929 የሚለው። ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ከዚያ ያነሰው ምላስ ያንቃል፣ ከዚያ የበለጠው ሬሳ ነው። ይኼ ውሻ የጨበጠው ግን 1922 ነው። ሁለት ጠርሙስ ነበር፤ ጊዜው ስላለፈ አልቆጥረውም። አለመቁጠሬን ስለሚያውቅ ሰረቀኝ።»

«መርዙን ማን ጨመረው ይላሉ?»

«ገሜዳ ነዋ! የፈረንሳይ አሽከር። በረት ውስጥ አሳስሬዋለሁ። ነገ ከምሳ በፊት በሩ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ይሰቀላል።»

«ታዲያ እኔ የምመረምረው ምንድን ነው?»

ካፒታኑ እንደ ደንቆሮ ቆጥሮ አየው። «አንተ የምትመረምረው ሰው አይደለም፤ ወይን ነው። የመረጥኩት ደርዘን ንጹሕ ይሁን አይሁን እስከ ነገ ጠዋት ትነግረኛለህ። ሽማግሌ ስለሰቀልኩ ወይኔ አይጣራልኝም።»

«የወይኑን ነገር የሚያውቀው መርዙን የጨመረው ሰው ነው። ሌላ ሰው ባገኝስ?»

«ያኔ ያንን እሰቅላለሁ። ለእኔ ገመዱ አንድ ነው።»

* * *

ወልደ አማኑኤል ብቻውን ሲቀር ጠርሙሱን ከሬሳው እጅ ታግሎ አላቀቀ። ፈረንሳዊው ጠርሙሶቹን ሁሉ በቡሽ ደፍኖ፣ አፋቸውን በቀይ ሰም አሽጓቸው ነበር። ከወለሉ ላይ ማሬሻሎው ሰብሮ የጣለውን ሰም ለቀመና በጣቶቹ አሸው። የፈረንጅ ማሸጊያ ሰም እንደ ሸክላ ይፈረካከሳል፤ ይኼ ግን እንደ ሊጥ ተለጠጠ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ሦስት ጊዜ አስነጠሰው። የጧፍ ሰም ነው። ቀይ ያደረገውም በርበሬ ነው።

ሁለተኛውን የ1922 ጠርሙስ አነሳ። እሱም በጧፍና በበርበሬ ታሽጓል። የ1929ኙን ደርዘን አንድ በአንድ ወደ ሻማው እያስጠጋ አየ፤ የአንዱም ሰም አልተነካም።

እዚህ ላይ ነገሩ ጠመመበት። ማሬሻሎውን የሚጠላ ሰው ነው እንዳይል፣ ማሬሻሎው እንደሚሰርቅ በምን አውቆ? ካፒታኑን የሚጠላ ነው እንዳይል፣ ካፒታኑ የመረጠው ደርዘን ከነሰሙ ተቀምጧል። ማንም ለማይጠጣው ጠርሙስ መርዙን የሚያባክን ምን ዓይነት ገዳይ ነው?

ሁለተኛውን ጠርሙስ ካፖርቱ ውስጥ ሸሸገና ወጣ።

* * *

የምድር ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው ዘበኛው ጀይሉ ነው። ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው። በሩ አጠገብ ካለችው ጎጆው ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መርማሪውን ሲያይ ለመነሳት አልተንቀሳቀሰም።

«የጣሊያን ሹምባሽ፣ ጫማህን ከምንጣፌ አንሳ። የምሰግድበት ነው።»

ወልደ አማኑኤል አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «ማሬሻሎው ሲወርድ የት ነበርክ?»

«ጁምዓ። አርባ ሰው አይቶኛል፤ ከፈለግህ አርባውንም እሰር። ልሄድ ስል ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝ። ስመለስ በሩ ተበርግዷል፣ እሱ ድንቹን አቅፎ ተኝቷል።»

«ባለፈው ሳምንት በጥፊ መትቶሃል አሉ።»

«መትቶኛል። ልገድለው ተመኝቻለሁ፤ ጻፈው። ግን እኔ ሰው ብገድል በዱላ ነው። በመጠጥ? ያንን ጠርሙስ ልብሴ ቢነካው እንኳ አጥበዋለሁ።»

«መርዝስ አለህ?»

«የአይጥ። ራሱ ማሬሻሎው ነው የሰጠኝ፤ ድንቹን ስለሚበሉበት። ቆርቆሮው ደረጃው ሥር ነው የሚቀመጠው፤ የግቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ረቡዕ ሙሉ ነበር፣ ዛሬ ግማሽ ነው።»

«ከረቡዕ ወዲህ ማን ማን ወረደ?»

«ረቡዕ ካፒታኑና ገሜዳ። ሐሙስ ወጥ ቤቷ ገበያነሽ፣ ሁለት ጊዜ። ዛሬ ሟቹ። እኔ ሁልጊዜ።» ጀይሉ መቁጠሪያውን አነሳ። «ሽማግሌው ንጹሕ ናቸው። አንተም ታውቀዋለህ። ግን ጌታህ ገመድ አውጥቷል፤ ገመድ የወጣለት ሰው ደግሞ ከአንተ መሐላ ይልቅ የሬሳ ጸሎት ይጠብቃል።»

ወልደ አማኑኤል ጥያቄው ራሱ ከንቱ እንደሆነ እየተሰማው ነበር። መርዝ አንዴ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ወዲያ «በዚያ ሰዓት የት ነበርክ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ገዳዩ አርባ ሰው መሐል እየሰገደም፣ ቤቱ ተኝቶም ይገድላል።

* * *

ገሜዳ በረቱ ውስጥ፣ ከበቅሎዎቹ ግርግም ሥር፣ እጃቸው የኋሊት ታስሮ ተቀምጠዋል። ነጭ ጢማቸው ላይ ደም ደርቋል።

«ጋሼ ገሜዳ፣ ውኃ ላምጣልዎ?»

«ከአንተ እጅ? ከበቅሎዋ ጋር እካፈላለሁ።»

«ያለዎት ጊዜ እስከ ነገ ምሳ ነው። ረቡዕ ዕለት ወይኑን እንዴት እንደመረጣችሁ ይንገሩኝ።»

ወይን ሲባል ሽማግሌው ሳይወዱ ቀና አሉ።

«መምረጥ ትለዋለህ ያንን? መምረጥማ ፈረንሳዊው ጌታዬ፣ ሙሴው፣ ያውቁበት ነበር። ለበዓላቸው ሦስት ቀን ሲቀረው እንወርዳለን። ጠርሙሱ በጎኑ ስለሚተኛ ዝቃጩ ባንድ በኩል ይሰበሰባል። ሻማ ከኋላው እይዛለሁ። ዝቃጩ አሸዋ ከመሰለ አንሳ፣ ጭቃ ከመሰለ ተወው። ለዶሮ ለስላሳውን፣ ለበግ ምላስ ያዝ የሚያደርገውን። ቡሹ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ለግማሽ ቀን ይተነፍሳል። ይኼ አህያ ግን እንደ ከብት ነጋዴ በዕድሜ ብቻ ነው የሚገዛው። ‹ስምንት ዓመት የሞላውን አምጣ› አለኝ፤ አለቀ!»

«ለማን ነገሩ?»

«ለገበያነሽ ነዋ። ወጥ ቤት ሳታውቅ እንዴት ታበስላለች? ‹ቅዳሜ የሚጠጡት ስምንት ዓመት የሞላውን ቀይ ነው፤ በጉን በርበሬ እንዳታስነኪው፣ ወይኑን ይገድለዋል› አልኳት። ሰደበችኝ። ያለ በርበሬ በግ ማብሰል እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው።»

«ጧፍ አለዎት?»

«መድኃኔዓለም የሚሳለም ሰው ጧፍ ያጣል? ጻፈው። ለመስቀያ ምክንያት ካነሳችሁ ጧፍም ይበቃል።» ሽማግሌው ወደ ገለባው ተፉ። «አባትህን አውቃቸው ነበር። ደግነቱ አላዩህም።»

* * *

ገበያነሽ ማድ ቤት ውስጥ በጉን ትበልታለች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ቢላዋዋ ከአጥንት ጋር አይጣላም፤ መገጣጠሚያውን ያውቀዋል።

«እግርህን ጥረግ» አለች ሳታየው። «ያረከሳችሁት አገር ይበቃል፣ ማድ ቤቱ ይቅርልኝ።»

«ሐሙስ ሁለት ጊዜ ምድር ቤት ወርደሻል።»

«አንዴ ለድንች፣ አንዴ ለሽንኩርት። እጄ ሁለት ነው። እንዳንተ ፊቴ ሁለት ቢሆን ኖሮ ባንድ ጊዜ እጨርስ ነበር።»

«ፊደል ታውቂያለሽ?»

«ባውቅ ኖሮ እዚህ ምን አደርጋለሁ? እንዳንተ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ የወንድሞቼን ስም እጽፍላቸው ነበር።»

ነገሩ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ዋጥ አደረገው። «በርበሬሽን አሳዪኝ።»

በክርኗ ወደ መደርደሪያው ጠቆመች። «ለራሴ ሽሮ ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ይኼን ሥጋ እጄ ብቻ ነው የሚያውቀው። በርበሬ መያዝም ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ማሬሻሎውን ትጠይው ነበር?»

«ከመሐላቸው የምወደው አለ ብለህ ነው? ከሁሉ ግን ያ ስግብግብ! ደርዘን ሙሉ የአምና ወይን ተደርድሮለት ሳለ ካሮጌው ሄዶ ይመዛል። ሆዳም ሲሞትም አያምርበት።» ቢላዋውን እንጨቱ ላይ ሰካችው። «ጨረስክ? እንግዲያው ውጣ። እሳቱ ያንተን ጥላ አይወድም።»

* * *

ወደ ጣቢያው ሲወርድ መንገድ ዳር እንጨት ያወረዱ ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ ከኋላው «ነገ ሽማግሌ ይሰቀልልሃል፣ እንኳን አደረሰህ!» አለችው። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳቅ አልነበረም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጠ። በአእምሮው ሦስቱን ሰዎች ደጋግሞ አመላለሳቸው። ጀይሉ ቁልፍም መርዝም አለው፤ ጧፍ ግን ከየት ያመጣል? ገሜዳ ጧፍ አላቸው፤ ግን ካፒታኑ የቱን ጠርሙስ እንደመረጠ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢመርዙ ኖሮ ደርዘኑን በመረዙ ነበር። ገበያነሽ ጾመኛ ናት፣ ጧፍ አታጣም፤ በርበሬም አላት። እሷም ቢሆን ያው እንቆቅልሽ ይገጥማታል፤ ማንም የማይጠጣውን ለምን?

ብዕሩን ቀለም ነክሮ ቀኑን ጻፈ። እጁ በልማድ «1930» አለ። ሰረዘና «1937» አለ። ይኼን ስህተት ሲሠራ የመጀመሪያው አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ካፒታኑ ሁለት ጊዜ ባለንጋ ገርፎታል። ዛሬ ግን ብዕሩ ከወረቀቱ ላይ ሳይነሳ ቀረ። ቀለሙ ተንጠባጥቦ እንደ አጋም ፍሬ አበጠ።

ከ1937 ላይ ስምንት ሲነሳ 1929።

ከ1930 ላይ ስምንት ሲነሳ 1922።

ገዳዩ መርዙን አላባከነም። «ስምንት ዓመት የሞላው» ሲባል ሰምቶ፣ ጣቶቹን ቆጥሮ፣ የካፒታኑን ወይን በትክክል አገኘሁ ብሎ ነው የመረዘው። የቆጠረው ግን በእኛ ዘመን ነው።

1929ን ጠርሙስ ላይ ያነበበ አበሻ ደግሞ ምን ይለዋል? የአምና!

ፊደል የማታውቅ ሴት ጠርሙሱ የአምና መሆኑን በምን አወቀች?

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ማድ ቤት ሲገባ በጉ ፎርኖው ምድጃ ውስጥ ነበር። ከካፖርቱ ውስጥ ሁለተኛውን ጠርሙስ አውጥቶ ከሽንኩርቱ ልጣጭ መሐል አቆመው። ገበያነሽ አየችው። አልካደችም፤ እጇን በመቀነቷ ጠረገች እንጂ።

«ማን አስተማረሽ?» አለ።

«ባሌ። የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር፤ ሣጥን ላይ የተጻፈ ቁጥር ማታ ማታ እያመጣ ያስጠናኝ ነበር። የካቲት ላይ ከአልጋው አስነስተው ደጃፋችን ላይ ገደሉት። ተኩሱ ያለው ይኼው ካፒታን ነው። ስድስት ወር አበሰልኩለት፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ ፊቴን አላየም።» ጠርሙሱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። «በድንች ቅርጫት አወጣኋቸው፣ በሽንኩርት ስመለስ መለስኳቸው። ስምንት ዓመት የሞላው አሉ፤ ቆጠርኩ፣ ሃያ ሁለት ወጣልኝ። ሃያ ሁለት የሚል ወርጄ አገኘሁ። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?»

«አልሳትሽም። በእኛ በሃያ ሁለት መስከረም የተለቀመ ወይን ነው የፈለግሽው፤ ሂሳብሽ ልክ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን የእነሱ ዘመን ነው። ሰባት ዓመት ይቀድሙናል።»

«እና ያ የአምናው...»

«የአምና አይደለም። የካፒታኑ ምርጫ እሱ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ለማን ምን እንደነገረ የገባው።  የገበያነሽ ዓይን ወደ ምድር ቤቱ በር ሄዶ ተመለሰ።

«ከምሳ በፊት ገሜዳን ይሰቅሏቸዋል» አለ ቸኩሎ።

«አውቃለሁ። ገመዱ ሲመጣ እኔ ነኝ ልል ነበር የተቀመጥኩት። ሂድ፣ ቀድመህ ንገራቸው። ለዚህ አይደል የሚቀልቡህ?»

ወልደ አማኑኤል የጠርሙሱን ቡሽ ነቅሎ ወይኑን ከበሩ ውጪ ካለው ቦይ ውስጥ ደፋው። «አንቺን አሳልፌ ሳልሰጥ እሳቸውን አስፈታለሁ። አፍሽን ያዢ። እጅሽንም።»

«ትእዛዝ ነው?»

«ልመና ነው።»

«ባንዳ ሲለምን አያምርበትም» አለች።

* * *

«ደርዘኑ ንጹሕ ነው» አለ ወልደ አማኑኤል በካፒታኑ ፊት ቆሞ። «ገዳይም የለም። ማሬሻሎው ልቡ ቆሞ ነው የሞተው።»

«ትቀልድብኛለህ?»

«ገሜዳ ከተሰቀሉ ወረቀት ወደ ከተማ ይሄዳል። ወረቀቱ መርዙ በምን ውስጥ እንደነበር ይጠይቃል፤ እኔም እጽፋለሁ፤ በፈረንሳይ ወይን። የፈረንሳይ ዕቃ መኮንን ገበታ ላይ እንዳይቀርብ የወጣውን ትእዛዝ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ልብ ከሆነ የቆመው ግን ጠርሙስ አይጠቀስም። ዛሬ ኮሎኔሉም ከጠርሙሱ ወደ መስታወት ማሰሮ ተገልብጦ እየተቀዳለት የጣሊያን ነው ብሎ ያመሰግናል።»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየውም። ጆሮው ጮኸ። ካፒታኑ በክፍሉ ውስጥ ሁለቴ ተመላለሰና ቆመ። ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከጥፊው ከፋ።

«ንጹሕ ነው አልክ?»

«ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው አንተ ትጠጣለህ። አሁን፣ ሙሉ ብርጭቆ። እስከ ምሳ... አይ፣ የአንድ ሰዓት ጊዜ ይበቃል። ቆመህ ከቆየህ ልቡ ቆመ ብዬ እፈርማለሁ፣ ሽማግሌውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከወደቅክ ገመዱ ተንጠልጥሏል።»

ገሜዳን አምጥተው ባሕር ዛፉ ሥር አቆሟቸው፤ ሸምቀቆውን አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። ወይኑን አዘውትረው የሚቀዱት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ገመድ ሥር ስለቆሙ ቡሹን የነቀለችውም፣ ወደ መስታወቱ ማሰሮ የገለበጠችውም ገበያነሽ ናት፤ ማድ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን። የሚመረመር ሰም የለም። የሚታይ ጠርሙስ የለም። ሆዱ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ፣ ውስጡ ቀይ፤ በቃ።

ቀዳችለት። ወልደ አማኑኤል ዓይኗን ፈለገ። ግድግዳ ነው። የባሏን ገዳይ ለመግደል ሁለት ቀን አድፍጣ፣ በቁጥር ስታ፣ ቁጥሩን ራሱ አስተካክሎላት የመጣ ሰው ፊቷ ቆሟል። እሱ ቢወድቅ ምኗ ነው?

«ጠጣ!» አለ ካፒታኑ።

ሽማግሌውን አየ። ብርጭቆውን አነሳና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ወይኑ ምላሱን ጨምድዶ ያዘ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ለቀቀው። መርዝ እንዲህ ይሁን ወይን እንዲህ ይሁን አያውቅም፤ ሁለቱንም ቀምሶ አያውቅም።

ቆመ። ካፒታኑ ሰዓቱን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ወልደ አማኑኤል ዓይኑን ከሰዓቱ አልነቀለም። ላቡ በጀርባው ወረደ። ጀይሉ ከበሩ ላይ ያየዋል። ከአጥሩ ውጪ ሰው ተሰብስቧል፤ ባንዳው የሚወድቅ መስሏቸው አንገታቸውን ያስረዝማሉ። በጉ ሸተተ። አንድ ዝንብ ብርጭቆው ውስጥ ገብታ ወጣች። ቆመ።

«ፍቱት» አለ በመጨረሻ ካፒታኑ፣ ሰዓቱን እየዘጋ፤ ቅር ያለው ይመስላል።

ገሜዳ አንገታቸውን እያሹ በወልደ አማኑኤል አጠገብ አለፉ። ቆም አሉ። ያመሰግኑኛል ብሎ አልጠበቀም፤ ግን ይህንንም አልጠበቀም።

«በአንድ ትንፋሽ!» አሉት በንቀት። «እንደ ጠላ! ሙሴው ቢያዩህ በዱላ ነበር የሚሉህ።»

እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ወረዱ።

ወልደ አማኑኤል ብርጭቆውን ይዞ ማድ ቤት ገባ። የበሩን መቃን ይዞ ቆመ።

«አመሰግናለሁ» አለ።

«ለምኑ?»

«ንጹሕ ስላደረግሽው።»

«ለአንተ ብዬ መሰለህ? አንተ ብትወድቅ ሽማግሌውን ይሰቅሏቸው ነበር። ስለ እሳቸው ነው።» ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ ባልዲው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው። «ስማ። ሳምንት አዲስ ዓመታቸው ነው አሉ። ያን ዕለትም ግብዣ አለ፣ ያን ዕለትም ቀይ ወይን ይመርጣል።»

«እና?»

«ያን ዕለት ቅመስ ቢልህ፣ ታመምኩ በል።»